የሕገ መንግሥቱ ዘብ ወይስ የገዥው ፓርቲ ጆሮ ጠቢ?

የተከበራችሁ የአዘና፣ የእንጅባራ፣ የዳንግላ፣ የቻግኒና የአካባቢው ከተሞች መራጮች ሆይ!

በዚህ የምርጫ ማኒፌስቶ ሌሎች ክፍሎች ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ሥራ ስላጡ ልጆቻችን ያለንን አማራጭ አቅርበናል። በዚህ ክፍል የምናነሳው ጉዳይ ግን በአደባባይ የማይነገር፣ ሲነገርም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ነው። እሱም የደህንነት መሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው። ከሁሉም የሚቀድም ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም ውሃ ለምን ጠፋ፣ መንገዱ ለምን ቀረ ብሎ ያለ ፍርሃት መጠየቅ የማይችል ሕዝብ ውሃውንም መንገዱንም አያገኝም።

ለምን እንደምናነሳው በአንድ ገጠመኛችን እንጀምር። በአዘና ለምርጫ ሥራችን የምትሆን አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር። የወሩን ኪራይ ከፍለን፣ ጠረጴዛና ወንበር አስገብተን፣ የፓርቲያችንን ምልክት በሩ ላይ ልንሰቅል ስንል አከራያችን የሆኑት እናት ገንዘባችንን በመሐረብ ቋጥረው መጡ። «ልጆቼ፣ እናንተን ጠልቼ አይደለም። ማታ ሁለት ሰዎች መጥተው ቤቱን ለማን እንዳከራየሁ ጠየቁኝ። ማን እንደሆኑም አልነገሩኝ። እኔ የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ልጅ አለኝ፤ ገንዘባችሁን ውሰዱልኝ» አሉን። እኛም አልተከራከርናቸውም። ገንዘባችንን ተቀብለን፣ ወንበራችንን ተሸክመን ወጣን።

እነዚያን ሁለት ሰዎች ማን እንደላካቸው እስከ ዛሬ አናውቅም። ምናልባት ማንም አልላካቸው ይሆናል። የችግሩ ሥር ያለውም እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ማንነቱን የማይናገር ሰው በር ሲያንኳኳ ከአዲስ አበባ እስከ አዘና ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነው። አንዲት እናት በገዛ ቤቷ ለማን እንደምታከራይ መወሰን ካቃታት፣ በዚያ አገር ሕገ መንግሥቱ እየተጠበቀ ነው ማለት ይቻላል? እኛ አይቻልም እንላለን።

1. ዘብ ያስፈልጋል፤ ግን የማን ዘብ?

ከሁሉ አስቀድሞ አቋማችን ግልጽ ይሁን። እኛ የደህንነት መሥሪያ ቤት ይፍረስ አንልም። እንዲህ የሚል ፓርቲ ካለ የሚኖርባትን አገርና አካባቢ አያውቅም። ሕገ መንግሥት ራሱን በራሱ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሰው፣ የሚያስጠነቅቅለት ተቋም ያስፈልገዋል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አገራቸውን ከልብ የሚያገለግሉ ዜጎች መኖራቸውንም እናውቃለን፤ ክብር ይገባቸዋል።

ለመሆኑ በሕግ የሚመራ የደህንነት መሥሪያ ቤት ሥራው ምንድን ነው? በመሣሪያ ኃይል ሥልጣን ለመያዝ የሚዶልተውን፣ በዘር ወይም በሃይማኖት ለይቶ ሰው ለማስጨረስ የሚያደራጀውን፣ ለባዕድ የሚሰልለውን አስቀድሞ ማወቅ፣ ያወቀውንም ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነው። ማሰር የፖሊስ ሥራ ነው። መክሰስ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። መፍረድ የዳኛ ሥራ ነው። እነዚህ አራት ሥራዎች በአራት እጆች ሲያዙ አንዱ የሌላውን ስህተት ያርማል። አራቱም በአንድ እጅ ሲጠቃለሉ ግን የሚያወቀው፣ የሚያስረው፣ የሚከሰውና የሚፈርደው አንድ ይሆናል፤ ዜጋም አቤት የሚልበት ያጣል።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በዚህ ላይ ዝም አላለም። አንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው ቤት እንዳይበረበር፣ ደብዳቤውና የስልክ ንግግሩ እንዳይደፈር ይደነግጋል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ተገድዶም ቃል እንዳይሰጥ ያዛል። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። አንቀጽ 55 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የመከላከያን፣ የደህንነትንና የፖሊስን አደረጃጀት እንዲወስን፣ እነዚህ ኃይሎች ሰብዓዊ መብት ሲጥሱም አጣርቶ እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ብቻ ሳይሆን ኃላፊነት ሰጥቶታል።

ከሁሉ በላይ አንቀጽ 9 ከሕገ መንግሥቱ ውጭ በማናቸውም መንገድ የመንግሥት ሥልጣን መያዝን ይከለክላል። ይህ አንቀጽ ጫካ ለገባ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ኮሮጆ የሚገለብጥ፣ ታዛቢ የሚያባርር፣ መራጭን በሥራውና በልጁ እያስፈራራ በወንበሩ ላይ የሚቆይ ሹምም ሥልጣን የያዘው ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ነው። እውነተኛ የሕገ መንግሥት ዘብ ሁለቱንም እኩል ያያል። አንዱን ብቻ የሚያይ ከሆነ የፓርቲ ዘብ ነው።

2. ልጓም የሌለው ፈረስ

የአዊ ሕዝብ ፈረስን ያውቃል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰበሰበው ፈረሰኛ፣ ፈረስ ያለ ልጓም ጠላትን ብቻ ሳይሆን ጌታውንም እንደሚጥል አይጠፋውም። የአገራችን የደህንነት መሥሪያ ቤት ታሪክም ይኸው ነው።

በንጉሡ ዘመን የደህንነቱ ሥራ ለንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ መሆን ነበር። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲያካሂዱ ግን የደህንነቱ ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ከአድማው ዋነኞች አንዱ ሆነው ተገኙ። ለአንድ ሰው ብቻ እንዲታመን የተደረገ መሥሪያ ቤት ለዚያ ሰውም እንደማይሆን ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

በደርግ ዘመን «የሕዝብ ደህንነት ጥበቃ ሚኒስቴር» ተቋቋመ። በስሙ የሕዝብ፣ በሥራው ግን የሕዝብ ጠላት ነበር። ከምሥራቅ ጀርመኑ የስለላ ድርጅት ከስታሲ ሥልጠናና ድጋፍ ይቀበል ነበር። ወንድም ወንድሙን፣ ተማሪ መምህሩን እንዲፈራ ተደረገ። ይህ ሁሉ ጆሮ ግን ደርግን ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ከመውደቅ አላዳነውም።

ኢህአዴግ ሲገባ ይህ ሁሉ ያበቃል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ከ1993 እስከ 2010 ዓ.ም. የደህንነት መሥሪያ ቤቱን የመሩት የሕወሓት አመራር አባል የነበሩት አቶ ጌታቸው አሰፋ ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 የደህንነት መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት፣ ምንጩና የተገኘበት መንገድ ሳይገለጽ፣ በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ፈቀደ። አስቡት! የሚከስህን ሰው አታውቀውም፤ ምን እንደሰማ፣ ከማን እንደሰማ አትጠይቀውም፤ ዳኛው ግን ቃሉን ማስረጃ ብሎ ይቀበላል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 804 ደግሞ ብሔራዊ የመረጃና ደህንነት አገልግሎትን እንደገና ሲያቋቁም ተጠሪነቱን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አደረገ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የገዥው ፓርቲ መሪ ናቸው። የሚቆጣጠረው ምክር ቤትስ? በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም ወንበሮች በኢህአዴግና በአጋሮቹ ተይዘው ነበር። ታዲያ ማን ማንን ይጠይቅ?

ውጤቱን ተቃዋሚ ሳይሆን መንግሥት ራሱ ተናግሮታል። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው፣ ሰው ማሰቃየት ሕገ መንግሥቱ የማይፈቅደው መሆኑን፣ መንግሥትም ይህንኑ ሲፈጽም እንደነበር አመኑ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. በወቅቱ የነበሩት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዲስ አበባ ብቻ ሰባት ድብቅ እስር ቤቶች እንደነበሩና ዜጎች በዘግናኝ ሁኔታ እንደተሰቃዩባቸው በይፋ ገለጹ። ማዕከላዊም በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። አዋጅ ቁጥር 652 በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተሻረ። እኛ ይህን ሁሉ በጎ እርምጃ ብለን ተቀብለናል፤ አሁንም አንክድም።

ነገር ግን ቤቱ ታጥቦ ቁልፉ በዚያው እጅ ቀረ። አቶ ተመስገን ጥሩነህ የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ተደርገው ተሾሙ። የሰውየውን ስም ለማጉደፍ አይደለም ይህን የምናነሳው፤ ሕጉ ስለፈቀደላቸው ነው የሄዱበት። ጥያቄያችን አንድ ነው። ዛሬ የፓርቲ ሹም፣ ነገ የስለላ አለቃ፣ ከነገ ወዲያ ተመልሶ የፓርቲ ሹም የሚሆን ሰው የተቃዋሚውን ፓርቲና የገዥውን ፓርቲ በአንድ ዓይን ሊያይ ይችላል?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም አፈጻጸሙን እንዲመሩ የተደረጉት የዚያን ጊዜው የደህንነት ኃላፊ ነበሩ። የሚያውቀውና የሚያስረው እጅ አንድ ሆነ ማለት ነው። አዋጁ ተራዝሞ 10 ወራት ቆየ። በዚያ ወቅት የሕዝብ ተወካይ የሆኑ የምክር ቤት አባል እንኳ ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሳ ታስረዋል፤ ምክር ቤቱ መብታቸውን ያነሳው ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። የተመረጠ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የመረጠው የአዘና ነጋዴና መምህር ምን ዋስትና አለው?

3. «ሕገ መንግሥቱን ለመናድ»

ይህን ሐረግ የማያውቅ የከተማ ነዋሪ የለም። ሕገ መንግሥቱን ለመጠበቅ የተጻፈ ሐረግ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ የሰጠውን መብት የጠየቀ ሁሉ የሚመታበት ዱላ ሆነ።

ምርጫ 97ን እናስታውስ። ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ መረጠ። ውጤቱ ሲያወዛግብ ደም ፈሰሰ፤ በተወካዮች ምክር ቤት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰዎች መገደላቸውን መዘገበ። የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞች ደግሞ ሕገ መንግሥቱንና ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን ለመናድ ተንቀሳቅሳችኋል ተብለው ተከሰሱ። ሐምሌ 1999 ዓ.ም. ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በቀናት ውስጥም በይቅርታ ተፈቱ።

አሁን የምንናገረውን ልብ በሉ። ከእነዚያ የዕድሜ ልክ ፍርደኞች አንዷ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ኅዳር 2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። 2013ቱን አገር አቀፍ ምርጫም መሩ። ሌላው ፍርደኛ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ሕገ መንግሥቱን ልትንድ ነበር የተባለችው ሴት የሕገ መንግሥቱን ዋና ሥራ፣ ምርጫን፣ በአደራ ተቀበለች። ታዲያ በ1998 አደጋ ላይ የነበረው ማን ነበር? ሕገ መንግሥቱ አልነበረም። አደጋ ላይ የነበረው የገዥው ፓርቲ ወንበር ነበር። ፓርቲን ከአገር፣ መንግሥትን ከሕገ መንግሥት መለየት ያልቻለ የደህንነት መሥሪያ ቤት የሚሠራው ስህተት ይህ ነው።

4. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

አንዳንድ ሰዎች «ጥብቅ ቁጥጥር ቢከፋም ሰላም ያመጣል» ይላሉ። እንግዲህ በራሳችን አካባቢ በሆነው እንመዝነው።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከከፍተኛ ሹማምንት ጋር ጎረቤታችን መተከል ድረስ መጥተው ከነዋሪው ጋር ስለ ጸጥታ ተወያዩ። በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን ንጋት ላይ፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች በተኛ ሕዝብ ላይ ገቡ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። የአገሪቱ መሪ በተገኙበት ማግስት! ከመተከል የተረፈው ሕዝብ በአስር ሺዎች ሆኖ ወደኛ መጣ። ቻግኒ ራንች በድንኳን ተሞላ። ልጅ ያዘለች እናት፣ የተቃጠለ ቤት ትታ የመጣች አሮጊት፣ ሁሉም በዚያ ነበሩ። የቻግኒ፣ የእንጅባራ፣ የዳንግላና የአዘና ሰው ያለውን እንጀራና ልብስ ሲያካፍል እኛም በዓይናችን አይተናል።

ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.ስ? በባሕር ዳር የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና አብረዋቸው የነበሩ ባለሥልጣናት በስብሰባ ላይ ሳሉ ተገደሉ። በዚያው ምሽት በአዲስ አበባ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። መንግሥት ድርጊቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አለው፤ በመሪነት የወነጀለውም የክልሉን የጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ነው። ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓትን በመሣሪያ መናድ ማለት ይህ ከሆነ፣ በዚያ ምሽት ዘቡ የት ነበር?

ሻይ ቤት ተቀምጦ የኑሮ ውድነትን የሚያማውን ሰው ስም ለመመዝገብ ጆሮ አለ። ጠመንጃ ይዞ ወደ ተኛ ሕዝብ የሚሄደውን ለመስማት ግን ጆሮ የለም። ይህ የሰው እጥረት ወይም የገንዘብ እጥረት አይደለም። የአቅጣጫ ችግር ነው። ዓይኑን በተቃዋሚ ላይ ብቻ ተክሎ የሚያድር ዘብ በሌላው በኩል የሚገባውን አያይም። አባቶቻችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሌላም ነገር አለ። መረጃ የሚገኘው ከሕዝብ ነው። ከመተከል ጋር በምንዋሰንበት በኩል ያለ አርሶ አደር የማያውቃቸው የታጠቁ ሰዎች ሲያልፉ ቢያይ ማን ዘንድ ሄዶ ይናገራል? ከተናገረ «አንተስ እንዴት አወቅህ?» ተብሎ ራሱ እንዳይያዝ ይፈራል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተኛል። ሕዝብ የሚፈራው የደህንነት መሥሪያ ቤት ብዙ ጆሮ ይኖረዋል እንጂ ብዙ መረጃ አይኖረውም።

5. የሌሎች አገሮች ትምህርት

ሂትለር ሥልጣን የያዘው በጀርመን ሕገ መንግሥት ውስጥ በነበሩ ቀዳዳዎች ተጠቅሞ ነው። ሥልጣን ላይ ከወጣ በኋላ ጌስታፖ የተባለው ድርጅት ሰላይም፣ ፖሊስም፣ አሳሪም ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመኖች ከሁለቱም ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 ስሙ በቀጥታ «የሕገ መንግሥት ጥበቃ» የሆነ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ነገር ግን የፖሊስ ሥልጣን ነፈጉት። ሰው አያስርም፣ ቤት አይበረብርም፣ እስር ቤት የለውም። የስልክ ጠለፋውን የሚመረምር ነፃ ኮሚሽን አለ፤ ሥራውንም ተቃዋሚዎች ያሉበት የፓርላማ ኮሚቴ ይቆጣጠረዋል።

እዚያም ስህተት አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጀርመን መንግሥት አንድ የቀኝ አክራሪ ፓርቲ እንዲታገድ ሲጠይቅ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሂደቱን አቋረጠ። ምክንያቱም የመንግሥት ሰላዮች በፓርቲው አመራር ውስጥ ገብተው ስለተገኙ፣ በማስረጃነት የቀረበው የፓርቲው ቃል ይሁን የሰላዮቹ መለየት አልተቻለም። እኛ ዘንድ የሰላይ ወሬ ምንጩ ሳይታወቅ ማስረጃ ይሁን ተብሎ በሕግ ሲጻፍ፣ እዚያ ፍርድ ቤቱ የሰላይ እጅ ያለበትን ማስረጃ አልቀበልም አለ። እንደገና እ.ኤ.አ. በ2011 ኒዮ ናዚዎች ለዓመታት አሥር ሰዎችን ሲገድሉ መሥሪያ ቤቱ ሳይደርስባቸው መቅረቱ ተጋለጠ። ሰነዶች መጥፋታቸውም ታወቀ። በማግስቱ ዓመት ኃላፊው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ፓርላማውም አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ በይፋ መረመረ። እዚያም የሚሳሳቱት ሰዎች ናቸው፤ ግን ሲሳሳቱ የሚጠየቁበት ቦታ አለ።

አሜሪካም የራሷ ጉድ ነበራት። የአገር ውስጥ ደህንነቱን የሚሠራው ኤፍ.ቢ.አይ. ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ሳይቀር ይሰልል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ምክር ቤቱ ይህን አጣራ፤ በ1978 ደግሞ እንዲህ ያለው ስለላ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያስፈልገው ሕግ ወጣ። በአፍሪካችንም የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት የጸጥታ ተቋማት የፓርቲ ጥቅም እንዳያራምዱ ይከለክላል፤ የስለላውን ሥራ የሚከታተል ተቆጣጣሪም በምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲጸድቅ ያዛል። ያም ሆኖ መሥሪያ ቤቱ ለገዥው ፓርቲ ቡድኖች ሽኩቻ መሣሪያ ሆኖ ነበር። ይህን ግን ራሳቸው አጣርተው እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ይፋ አደረጉት። ነውርን መደበቅ ሳይሆን ማረም አገር ያጸናል።

6. «ጊዜው አይደለም» ለሚሉን

ገዥው ፓርቲ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «አገር በችግር ላይ ናት፤ የደህንነት ተቋምን ማሻሻል በሰላም ጊዜ ይደርሳል።» ይህን ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሰምተነዋል። በንጉሡ ጊዜ አልደረሰም፤ በደርግ ጊዜ አልደረሰም፤ በኢህአዴግ 27 ዓመትም አልደረሰም። ችግሩ የመጣው ቁጥጥር ስላነሰ አይደለም። ሰላማዊው በር ሲዘጋ፣ ተናጋሪው ሲታሰር፣ ምርጫው ሲሰረቅ ነው ሰው ወደ ሌላ መንገድ የሚያማትረው። ሰላማዊውን ተቃዋሚ መሰለል ሕገ መንግሥቱን ከመጠበቅ ይልቅ ለታጣቂው ምክንያት ማቀበል ነው። እኛ ጠመንጃን አንመርጥም። ለዚህም ነው በአዘና ቤት ብናጣ ወንበራችንን ተሸክመን ሌላ ቤት የምንፈልገው።

7. ብትመርጡን የምናደርገው

ሀ) የደህንነት መሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ በተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ለተወሰነ ዘመን እንዲሾም እናደርጋለን። ከሹመቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት የማንኛውም ፓርቲ አመራር የነበረ ሰው አይሾምም፤ ከለቀቀ በኋላም ለአምስት ዓመት የፓለቲካ ሹመት አይቀበልም።

ለ) መሥሪያ ቤቱ የማሰር፣ የመመርመርና እስር ቤት የመያዝ ሥልጣን አይኖረውም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ቢሆን የእስር ትእዛዝ አይሰጥም።

ሐ) ስልክ መጥለፍ፣ ደብዳቤ መክፈት፣ ቤት መግባት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይቻልም። ክትትሉ ሲያበቃና ወንጀል ሳይገኝ ሲቀር ዜጋው ክትትል ተደርጎበት እንደነበር በጽሑፍ እንዲያውቅ ይደረጋል።

መ) የሚከታተለው የኃይል ድርጊትና ዝግጅት እንጂ አስተያየት አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ማለትም፣ አንቀጽ መቃወምም፣ መንግሥትን መተቸትም ሕገ መንግሥቱን መናድ እንዳልሆነ በሕግ በግልጽ ይጻፋል።

ሠ) መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የቀበሌ ሠራተኛና የልማት ቡድን ጎረቤትን ለመሰለል መሣሪያ አይሆኑም። የመንግሥት ሠራተኛ በቤተሰቡ አመለካከት ደመወዙና እድገቱ አይነካም።

ረ) በአማርኛም በአገውኛም፣ በማንኛውም ቋንቋ፣ ዜጋ በሥራው፣ በቤቱና በደጁ ማንነቱን የማይናገር ሰው ቢጠይቀው መታወቂያ የማየት መብት እንዳለው በሕግ እናስፍራለን፤ የማያሳይ ሹም በወንጀል ይጠየቃል።

ሰ) ያለፉት መንግሥታት በዜጎች ላይ የያዟቸው መዝገቦች ለባለጉዳዮቻቸው ይከፈታሉ። ምሥራቅ ጀርመን ከፈረሰች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ በወጣ ሕግ የስታሲ መዝገብ ለዜጎች ተከፍቷል። የስታሲ ተማሪ በነበረው መሥሪያ ቤት የተሰቃየው የኛ ሰው ለምን ይከለከላል?

ሸ) መሥሪያ ቤቱን የሚቆጣጠረውን የምክር ቤት ኮሚቴ የሚመራው ከተቃዋሚ ወገን የተመረጠ አባል ይሆናል።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ደግመን እንናገራለን። እኛ ብናሸንፍ፣ ዛሬ የሚያሳድደን ፓርቲ ነገ ተቃዋሚ ይሆናል። የደህንነት መሥሪያ ቤቱን የሚጠይቀውን ወንበር ለእርሱ ሰው እንሰጣለን ማለታችን ነው። ይህን የምናደርገው ደጎች ስለሆንን አይደለም። ሥልጣን እኛንም ሊያሳውረን እንደሚችል ስለምናውቅ ነው። ለጠላታችን ልጓም ጠይቀን ለራሳችን ያለ ልጓም መሮጥ አንፈልግም። ቃላችንን ብናጥፍ ይህን ጽሑፍ አውጥታችሁ አሳዩን፤ በሚቀጥለው ምርጫም አውርዱን።

የተከበራችሁ መራጮች!

በምርጫ ቀን ካርዳችሁን ይዛችሁ ከመጋረጃው በስተጀርባ ስትገቡ ብቻችሁን ናችሁ። እዚያ ካድሬ አይገባም፤ ጆሮ ጠቢም አይገባም። የምትመርጡትን የምታውቁት እናንተና ፈጣሪያችሁ ብቻ ናችሁ። ያን ያህል ነፃነት በዚያች ጠባብ ቦታ ለጥቂት ደቂቃ ካገኛችሁት፣ በሻይ ቤቱ፣ በገበያው፣ በመናኸሪያውና በቤታችሁም ዓመቱን ሙሉ ይገባችኋል።

ገንዘባችንን በመሐረብ ቋጥረው የመለሱልን እናት አልተቀየምናቸውም። ልጃቸው ከሥራው እንዳይፈናቀል የፈሩት ፍርሃት የእኛም የብዙዎቻችን እናቶች ፍርሃት ነው። የምንወዳደረው እሳቸው ቤታቸውን ለፈለጉት ሰው፣ ለእኛም ይሁን ለተቀናቃኛችን፣ ማታ በራቸውን ማን ያንኳኳ ይሆን ሳይሉ የሚያከራዩበት አገር እንዲኖረን ነው።

ዘቡ ለሕገ መንግሥቱ ይሁን! ሕገ መንግሥቱም ለሕዝቡ!

ድምፅዎ በእጅዎ ነው! ያለ ፍርሃት ይምረጡ!